ኳስ የማይለቅ ባለተሰጥኦ አጥቂ የት ይሰለፍ?

በእግር ኳስ ወዳጆች ዘንድ መቋጫ ካልተገኘላቸው ክርክሮች አንዱ፣ ችሎታው የማያጠያይቅ ነገር ግን ኳስ እግሩ ከገባች ለጓደኛው መልቀቅ የሚከብደው አጥቂ በየትኛው የሜዳ ክፍል ቢሰለፍ ይሻላል የሚለው ነው። አንደኛው ወገን «እንዲህ ያለው ተጫዋች ከጎሉ ፊት ይቁም፤ ሥራው ማግባት ብቻ ይሁን» ይላል። ሁለተኛው «ከመሀል አጥቂው ጀርባ ነጻ ሆኖ ይጫወት፤ ጥበቡን ያሳይ» ሲል ይሟገታል። ሦስተኛው «መስመር ይዞ ይጫወት» ይላል። አራተኛውና ምሬት የበዛበት ወገን ደግሞ «ትክክለኛ ቦታው የተጠባባቂ ወንበር ነው» ብሎ ክርክሩን ሊዘጋው ይሞክራል።

ጥያቄው በሳይንስ መጽሔት ገጽ ላይ መነሣቱ ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ ስለ ጠባይ ቢመስልም፣ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር የጂኦሜትሪ፣ የፕሮባብሊቲና የውሳኔ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። የጎሉ ስፋት የታወቀ ነው፤ የሜዳው ርቀቶች የታወቁ ናቸው፤ ኳስ የመልቀቅና ያለመልቀቅ ትርፍና ኪሳራም ሊሰላ ይችላል። እኛም አቋማችንን ከወዲሁ እንናገራለን። በእኛ እምነት ለእንዲህ ያለው ተጫዋች የሚሻለው ቦታ ከጠንካራ እግሩ በተቃራኒ ያለው የክንፍ መስመር ነው፤ ግራ እግረኛ ከሆነ በቀኝ፣ ቀኝ እግረኛ ከሆነ በግራ። ምክንያታችንን ከመዘርዘራችን በፊት ግን «ግለኛ» የሚለውን ቃል ራሱን መመርመር ይገባል።

ግለኛ የምንለው ማንን ነው?

ተመልካች አንድን ተጫዋች ግለኛ የሚለው ብዙውን ጊዜ መትቶ ሲስት ነው። መትቶ ካገባማ ያው ውሳኔ «ድፍረት» ተብሎ ይወደሳል። ውሳኔን በውጤቱ ብቻ መመዘን ግን ፕሮባብሊቲ የተማረ ሰው ሊጠነቀቀው የሚገባ ስሕተት ነው። ተጫዋቹ በወሰነበት ቅጽበት ሊገምት የሚችለው ዕድሉን ብቻ እንጂ ውጤቱን አይደለምና፣ ሊመዘን የሚገባውም በዚያው ዕድል ነው።

ለአብነት ያህል አንድ አጥቂ ከቆመበት ቦታ ቢመታ ከ100 አጋጣሚዎች 10ሩን ያገባል እንበል። ጓደኛው ደግሞ የተሻለ ቦታ ይዟል፤ ኳሷ ከደረሰችው ከ100 አጋጣሚዎች 25ቱን ያገባል። በመጀመሪያ ዕይታ ማቀበል ግዴታ ይመስላል። ነገር ግን ኳሷ ሳትነጠቅ የመድረስ ዕድሏም መቆጠር አለበት። ከ100 ኳሶች 60ዎቹ የሚደርሱ ከሆነ የማቀበል ዋጋ 0.60 በ0.25 ተባዝቶ 0.15 ይሆናል፤ ይህም ከ0.10 ስለሚበልጥ መምታቱ ጥፋት ነው። በመካከል ተከላካይ ገብቶ የሚደርሱት 30ዎቹ ብቻ ከሆኑ ግን ብዜቱ 0.075 ነው፤ ስለዚህ ተመልካቹ ምንም ቢያጉረመርም መምታቱ ትክክል ነበር። እነዚህን ቁጥሮች የወሰድናቸው ሐሳቡን ለማስረዳት ብቻ ነው፤ የስሌቱ መንገድ ግን በየትኛውም ሜዳ ላይ ያው ነው።

ከዚህ በመነሣት ግለኛ ተጫዋች ብለን የምንጠራው፣ የማቀበል ዋጋ ከመምታት ዋጋ በግልጽ እየበለጠ ሳለ ደጋግሞ መምታትን ወይም አብዶ መሥራትን የሚመርጠውን ነው። የጥፋቱ መጠንም በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህ አተረጓጎም ክርክሩን ያቀልልናል፤ ምክንያቱም የተጫዋቹ ጠባይ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ እንደሚሰለፍበት ቦታ ይሰፋል፣ ይጠባልም። እንግዲህ የአሰልጣኙ ጥያቄ «ይህን ልጅ እንዴት ልለውጠው?» በሚለው ብቻ ሊወሰን አይገባም። «የዚህ ልጅ ስሕተት ጉዳቱ የሚቀንሰው፣ ችሎታው ደግሞ ጥቅሙ የሚጎላው የት ነው?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

ጎሉ ከየት ሲታይ ይሰፋል?

በጨዋታው ሕግ መሠረት በሁለቱ የጎል ቋሚዎች መካከል ያለው ርቀት 7.32 ሜትር፣ የአግዳሚው ከፍታ ደግሞ 2.44 ሜትር ነው። ይህ ልኬት አይለወጥም። የሚለወጠው ለመቺው የሚታየው ስፋት ነው። ከሁለቱ ቋሚዎች ተነሥተን ኳሷ እስካለችበት ነጥብ ሁለት መስመሮች ብናሠምር፣ በመስመሮቹ መካከል የሚፈጠረው አንግል የዒላማውን ስፋት ይነግረናል። ትሪጎኖሜትሪ የተማረ አንባቢ የሚከተሉትን ቁጥሮች በደብተሩ ላይ ሊያረጋግጣቸው ይችላል።

ከፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ ላይ፣ ማለትም ከጎሉ መካከል ፊት ለፊት በ11 ሜትር ርቀት፣ አንግሉ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ ኋላ ሸሽተን የቅጣት ክልሉ ጫፍ ላይ በ16.5 ሜትር ብንቆም ወደ 25 ዲግሪ ይወርዳል። በ25 ሜትር ርቀት 17 ዲግሪ ያህል ይሆናል። አሁን ደግሞ ወደ ጎን እንውጣ። ከጎሉ መስመር 11 ሜትር፣ ከጎሉ መካከል ደግሞ 20 ሜትር ወደ ጎን ርቀን በቅጣት ክልሉ የጎን መስመር አጠገብ ብንቆም፣ አንግሉ 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ከ25 ሜትር ፊት ለፊት ከሚታየው በግማሽ ያህል ይጠባል ማለት ነው። ከዚህ ቦታ የሚመታ ሰው ኃይሉ ምንም ቢበረታ የሚመታው ወደ ቀጭን ክፍተት ነው።

ነገር ግን ተጫዋቹ ከዚያው የጎን ቦታ ተነሥቶ ኳሷን እየገፋ ወደ ውስጥ ቢያጥፍና በ16.5 ሜትር ጥልቀት፣ ከጎሉ መካከል 8 ሜትር ብቻ ወደ ጎን በሆነ ነጥብ ላይ ቢደርስ፣ አንግሉ ከ20 ዲግሪ በላይ ይሆናል። 13 ሜትር ያህል በመሮጥ ዒላማውን ከእጥፍ በላይ አሰፋ ማለት ነው። ልብ ልንለው የሚገባው፣ ከጎሉ መስመር ይበልጥ እየራቀ እንኳ የሚታየው ጎል መስፋቱን ነው። በክንፍ በኩል ከርቀት ይልቅ አቅጣጫ ይበልጥ ይወስናል።

እዚህ ላይ የእግሩ ነገር ይመጣል። በቀኝ መስመር የሚጫወት ግራ እግረኛ ወደ ውስጥ ሲያጥፍ ኳሷ ከተከላካዩ በራቀው እግሩ ላይ ትሆናለች፤ ሰውነቱ በመካከል ገብቶ ይከልላታል፤ ፊቱም ወደ ጎሉ ይዞራል። በዚያው መስመር የሚጫወት ቀኝ እግረኛ ግን ወደ ውስጥ ቢገባ ኳሷን በደካማ እግሩ መምታት፣ አለዚያም ወደ ተከላካዩ በተጠጋው እግሩ ይዞ ለንጥቂያ ማጋለጥ ይኖርበታል። የተከላካዩን የምላሽ ፍጥነትም እንጨምርበት። ሰው ያየውን ነገር ተገንዝቦ መንቀሳቀስ እስኪጀምር የሰከንድ 2 ዐሥረኛ ያህል ይወስድበታል። በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያች ቅጽበት 1.4 ሜትር ይሄዳል። ተከላካዩ አጥቂው ወደ ውስጥ እንደሚያጥፍ ቢያውቅ እንኳ መቼ እንደሚያጥፍ ስለማያውቅ፣ የሚዘገየው ይህች ርቀት ለመምታት ትበቃለች።

አራቱ አማራጮች በሚዛን

አሁን አማራጮቹን በየተራ እንመርምር። የመጀመሪያው ከመሀል አጥቂው ጀርባ ያለው ቦታ ነው። ይህ ቦታ ለባለተሰጥኦ ተጫዋች ክብር ያለው ቦታ ተደርጎ ይታያል። ለግለኛው ግን ከሁሉ የከፋው ነው እንላለን። በሜዳው እምብርት የቆመ ተጫዋች ኳስ ደጋግሞ ያገኛል፤ በግራም፣ በቀኝም፣ ከፊትም የሚያቀብላቸው ጓደኞች አሉት፤ በመሆኑም የማቀበል ዋጋ በዚያ ከፍተኛ ነው። ከላይ በሰጠነው አተረጓጎም መሠረት ኳስ ያለመልቀቅ ጉዳት የሚገዝፈው በዚህ ቦታ ላይ ነው። ኳሷ ከተነጠቀችም ተቃራኒው ቡድን በሁለቱም አቅጣጫ መልሶ ለማጥቃት ክፍት መንገድ ያገኛል።

ሁለተኛው የብቸኛ መሀል አጥቂ ቦታ ነው። የዚህ ወገን ክርክር ጠንካራ መሆኑን አንክድም። በጎሉ ፊት አንግሉ ሰፊ ነው፤ የመምታት ዋጋ ከማቀበል ዋጋ የሚበልጥባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በዚያ ስፍራ ግለኝነት ወደ በጎነት ይጠጋል። ችግሩ ሌላ ነው። መሀል አጥቂ ኳስ የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ፣ ሁለት ተከላካዮች ከኋላው ቆመው ነው። አብዶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሜዳና ሩጫ አይኖረውም። ኳስ የሚያገኘውም ሌሎች ሲያደርሱለት ብቻ ነው። እንግዲህ ግለኝነቱን ለመቆጠብ ስንል ተሰጥኦውንም አብረን ቆጠብነው ማለት ነው።

ሦስተኛው በጠንካራ እግሩ በኩል ያለው መስመር ነው። ቀኝ እግረኛው በቀኝ መስመር ቢሰለፍ ተፈጥሯዊ ሥራው እስከ ጎሉ መስመር ሮጦ ኳስ ማሻገር ይሆናል። ማሻገር ደግሞ ማቀበል ነው፤ ግለኛው ተጫዋች የማይወደው ሥራ ይኸው ነው። እምቢ ብሎ ቢመታም የሚመታው ወደ ዘጠኝ ዲግሪው ክፍተት ነው። ስለዚህ በዚህ ቦታ ጠባዩና የቦታው ሥራ ይጋጫሉ።

አራተኛው እኛ የምንደግፈው ተቃራኒ ክንፍ ነው። በዚህ ቦታ ተጫዋቹ ሊሠራ የሚወደው ነገር፣ ማለትም ተከላካይን አልፎ ወደ ውስጥ ገብቶ መምታት፣ ቡድኑም የሚፈልግበት ሥራ ነው። ኳሷን ቢነጠቅ የሚነጠቀው በሜዳው ዳር፣ ከራሱ ጎል ርቆ ነው፤ የጎኑ መስመር ለተቃራኒው ቡድንም አጥር ስለሆነ መልሶ ማጥቃቱ በአንድ ወገን ይታጠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ተከላካዮችን ወደ ራሱ እየሳበ መስመሩን ለሌላ ሰው ክፍት ይተዋል። ለጓደኛው ኳስ ባያቀብል እንኳ ቦታ ያቀብላል።

ከመንገድ ትራፊክ የምንማረው

እስከ አሁን ያየነው የአንዱን ተጫዋች ውሳኔ ነው። ቡድን ግን ሥርዓት ነው፤ በሥርዓት ውስጥ ደግሞ የእያንዳንዱ የተሻለ ምርጫ ተደምሮ የጋራ የተሻለ ውጤት ላይሰጥ ይችላል። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዲትሪሽ ብሬስ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን በመንገድ ምሳሌ አሳይተዋል። 4,000 መኪኖች ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው በሁለት መንገዶች ይሄዳሉ እንበል። እያንዳንዱ መንገድ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ክፍል አለው። ሰፊው ክፍል ሁልጊዜ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ ጠባቡ ክፍል የሚወስደው ደቂቃ የመኪኖቹ ቁጥር ለ100 ተካፍሎ የሚገኘው ነው። የመጀመሪያው መንገድ በጠባቡ ጀምሮ በሰፊው ይጨርሳል፤ ሁለተኛው በሰፊው ጀምሮ በጠባቡ ይጨርሳል። መኪኖቹ 2,000፣ 2,000 ሆነው ቢከፈሉ እያንዳንዱ 20 ሲደመር 45፣ ማለትም 65 ደቂቃ ይፈጅበታል።

አሁን ሁለቱን ጠባብ ክፍሎች የሚያገናኝና ጊዜ የማይወስድ አቋራጭ ተሠራ እንበል። ጠባቡ ክፍል ቢበዛ 40 ደቂቃ ስለሚወስድና ይህም ከ45 ስለሚያንስ፣ እያንዳንዱ ሾፌር ለራሱ የሚሻለውን መርጦ በአቋራጩ ይሄዳል። 4,000ዎቹም መኪኖች በሁለቱ ጠባብ ክፍሎች ሲጨናነቁ ጉዞው 40 ሲደመር 40፣ 80 ደቂቃ ይሆናል። ጥሩ አቋራጭ ተጨምሮ ሁሉም ዘገየ።

ብራያን ስኪነር የተባሉ የፊዚክስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቅርጫት ኳስ ወስደውታል። ኮከብ ተጫዋች እንደ አቋራጩ መንገድ ነው፤ ሁሉም ኳስ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ከተደረገ ተከላካዮች በእሱ ላይ ይከማቹና የመሳካት ዕድሉ እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ ቡድኑ ማየት ያለበት የኮከቡን አማካይ ውጤት ብቻ አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ ኳስ ለእሱ መስጠት የሚያስገኘውን ትርፍ ለሌላው ከመስጠት ትርፍ ጋር ማነጻጸር አለበት።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ክርክር ሁለት ነገር ይሰጠናል። አንደኛ፣ ግለኛውን በሜዳው እምብርት ማሰለፍ አቋራጩን በከተማው መካከል እንደ መሥራት ነው፤ መጨናነቁ ሁሉንም ያውካል። ሁለተኛ፣ ክንፍ ላይ ስናሰልፈው አቋራጩ በከተማው ዳር ይሆናል፤ ሌሎቹ መንገዶች ሳይዘጉ ከጥቃቱ የተወሰነውን ድርሻ ብቻ ይሸከማል። ቦታው ራሱ የኳሱን ድርሻ ስለሚመጥን አሰልጣኙ በየደቂቃው «ልቀቅ!» እያለ መጮኽ አያስፈልገውም።

የሜዳው ምስክርነት

ስሌት በሜዳ ላይ ካልተመሰከረለት ወረቀት ላይ ይቀራል። ከሦስት ታዋቂ ተጫዋቾች ታሪክ ጥቂት እንጥቀስ።

ግብጻዊው ሞሐመድ ሳላህ ግራ እግረኛ ሆኖ በሊቨርፑል በቀኝ መስመር ተሰልፏል። እ.ኤ.አ. በ2017-18 የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጉ 32 ግቦችን በማስቆጠር በጊዜው ለ38 ጨዋታዎች ውድድር ዘመን ክብረ ወሰን የሆነ ቁጥር አስመዘገበ። ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ «ኳስ አይለቅም» የሚል ትችት አልተለየውም። ነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2019፣ ሊቨርፑል በርንሌይን 3 ለ 0 ባሸነፈበት ጨዋታ ሴኔጋላዊው ሳዲዮ ማኔ ሳላህ ኳስ ስላላቀበለው ተቀይሮ ሲወጣ በይፋ መቆጣቱን ብዙዎች ያስታውሳሉ። ነገር ግን ያው ቡድን በዚያው የውድድር ዘመን ማብቂያ ከ30 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አነሣ። ሳላህ ወደ ውስጥ ሲገባ በሚከፈተው በዚያው የቀኝ ወገን የነበረው ተከላካይ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ደግሞ በ2018-19 ለ12፣ በ2019-20 ለ13 የሊግ ግቦች ኳስ አመቻችቶ አቀብሏል። ሮቤርቶ ፊርሚኖም ከመሀል ወደ ኋላ እየተመለሰ የመሀል ተከላካዮችን ያውክ ነበር። ይበልጥ የሚያስገርመው የሳላህ የራሱ መዝገብ ነው። በ2021-22 23 ግብ አስቆጥሮ ለ13 ግቦች አመቻችቷል፤ በ2024-25 ደግሞ 29 አስቆጥሮ ለ18 በማመቻቸት ሊጉን በሁለቱም መስክ መርቷል፤ ሊቨርፑልም ሻምፒዮን ሆኗል። ግለኛ የተባለው ሰው በትክክለኛው ቦታ ላይ ሲሰለፍ ከአቀባዮች ሁሉ ፊት ተገኘ።

ሆላንዳዊው አርየን ሮበንም እንዲሁ በቀኝ መስመር የተጫወተ ግራ እግረኛ ነበር። ወደ ውስጥ አጥፎ በግራ እግሩ እንደሚመታ የማያውቅ ተከላካይ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ለዓመታት ማስቆም አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በዌምብሌይ በተካሄደው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባየር ሙኒክ ቦሩሲያ ዶርትሙንድን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ በ60ኛው ደቂቃ ለማንጁኪች የመጀመሪያውን ግብ ያመቻቸው፣ በ89ኛው ደቂቃም የማሸነፊያውን ያስቆጠረው ሮበን ነው። የመጀመሪያው ግብ ሲገኝ ሮበን ለመምታት አንግል ያልነበረው በጎሉ መስመር አጠገብ ነበር። ቦታው ራሱ ማቀበልን መረጠለት።

ሦስተኛው ምስክር ክርስቲያኖ ሮናልዶ ነው፤ የእሱ ታሪክ ግን ሁለት ፊት አለው። ቀኝ እግረኛው ሮናልዶ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2018 በሪያል ማድሪድ በአብዛኛው ከግራ እየተነሣ በ438 ጨዋታዎች 450 ግቦችን አስቆጥሯል። በመሀል የነበረው ካሪም ቤንዜማ ቦታ ሲያመቻችለት ኖሮ በ2017-18 በሊጉ 5 ግብ ብቻ አስቆጠረ። ሮናልዶ በሄደ ማግስት፣ በ2018-19፣ የቤንዜማ የሊግ ግብ ወደ 21 አደገ። ይህ የብሬስን ሐሳብ ያረጋግጣል ለማለት ያስቸኩላል። ሆኖም የቡድኑ የሊግ ግቦች ድምር በዚያው ጊዜ ከ94 ወደ 63 ወረደ። አቋራጩ ሲዘጋ የአንዱ መንገድ ፍሰት ጨመረ፤ የጠቅላላው ጉዞ ግን ዘገየ። እንግዲህ «ግለኛውን አስወግዱት፣ ሌላው ያብባል» የሚሉ ወገኖች የሌላውን ማበብ ብቻ ሳይሆን የአትክልቱን ሁሉ ምርት መቁጠር ይኖርባቸዋል።

ለተቃዋሚዎቻችን

በእኛ አቋም ላይ የሚነሡ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «ኳስ የማይለቅ ሰው ለመከላከልም አይመለስም፤ ክንፍ ላይ ሲሰለፍ ከኋላው ያለውን ተከላካይ ለሁለት ሰው ያጋልጠዋል» የሚል ነው። እውነት ነው። ስለዚህ ቦታው ብቻውን አይበቃም፤ ሦስት ሰዎች አብረው ሊታሰቡ ይገባል። እነርሱም በውጭ በኩል አልፎት የሚሮጥ የመስመር ተከላካይ፣ ተከላካዩ ወደ ፊት ሲሄድ ክፍተቱን የሚሸፍን አማካይ፣ እንዲሁም ተከላካዮችን ከቦታቸው የሚስብ መሀል አጥቂ ናቸው። እነዚህ በሌሉበት ቡድን የእኛ ምክር ዋጋው ይቀንሳል። ተጫዋቹ ዕድሜው ገፍቶ ፍጥነቱ ሲቀንስም ወደ መሀል አጥቂነት ቢዛወር ተገቢ ነው፤ ሮናልዶም በኋለኞቹ ዓመታት ይበልጥ ወደ ጎሉ ተጠግቶ ተጫውቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሥነ ምግባር ነው፤ «ቦታ እየመረጣችሁ ግለኝነትን ትሸልማላችሁ፤ ልጁ መቼ ይታረማል?» ይላል። ይህን ተቃውሞ አክብረን እንቀበለዋለን፤ መልሳችን ግን ቦታም አስተማሪ ነው የሚል ነው። ሁልጊዜ የሚመታ ሰው ይታወቃል፤ የታወቀ ሰው ደግሞ ይዘጋበታል። ኢግናሲዮ ፓላሲዮስ-ኡዌርታ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከ1,400 በላይ ፍጹም ቅጣት ምቶችን መርምረው፣ ባለሙያ መቺዎች አቅጣጫቸውን እያፈራረቁ ለግብ ጠባቂው መገመቻ እንደማይሰጡ አሳይተዋል። በክንፍ ላይም ሕጉ ያው ነው። ወደ ውስጥ ብቻ የሚገባ አጥቂ ሁለት ሰው ሲመደብበት፣ በውጭ በኩል የሚያልፈውን ጓደኛውን አልፎ አልፎ ማየት ለራሱ ለግለኛው ትርፍ እንደሆነ ይገነዘባል። ባቀበለ ቁጥር የሚቀጥለው ምቱ ይቀልለታል። በዚህ ቦታ የራስ ጥቅምና የቡድን ጥቅም ይቀራረባሉ፤ ተጫዋቹም ማቀበልን ከስብከት ይልቅ ከራሱ ልምድ ይማራል።

በየሜዳችን ምን እናድርግ?

ጉዳዩ የታላላቅ ሊጎች ወሬ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አንፈልግም። በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ሜዳ ኳስ ባለመልቀቁ ብቻ የሚሰደብ፣ በመጨረሻም ከቡድን የሚወጣ ባለተሰጥኦ ወጣት አይጠፋም። በሌላ በኩልም ለአንድ ኮከብ ሲባል ሙሉ ጨዋታ ሮጠው ኳስ ሳይነኩ የሚወጡ ተማሪዎች አሉ። ሁለቱም በደል ነው፤ ሁለቱም የሚመነጩት ከግምት ነው።

ስለዚህ አንባብያን ቀላል ምርመራ እንዲያካሂዱ እንጋብዛለን። አንድ ደብተርና ሁለት ተመልካች ይበቃሉ። አከራካሪው ተጫዋች ኳስ በያዘ ቁጥር ሦስት ነገር መዝግቡ፤ ከየት ጀመረ፣ የተሻለ ቦታ የያዘ ነጻ ጓደኛ ነበረውን፣ ምን ወሰነ። ውጤቱን፣ ማለትም ገባ ወይም አልገባ የሚለውን፣ ለብቻው በሌላ ገጽ ጻፉት፤ ፍርዳችሁን እንዳያዛባው። ሁለቱ ተመልካቾች ሳይመካከሩ ይመዝግቡ፤ በኋላ ልዩነታቸውን ያነጻጽሩ። በመቀጠል ተጫዋቹን በመሀል፣ በቀኝና በግራ በእኩል ቁጥር ጨዋታዎች እያሰለፋችሁ ድገሙት። አንድ ጨዋታ አይበቃም፤ ዕድል በጥቂት ናሙና ላይ ያታልላልና ቢያንስ ዐሥር ያህል ጨዋታ ይሁን።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ የእኛን አቋም ቢደግፍ ደስ ይለናል፤ ቢቃወመንም ቁጥሩን ይዛችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥሉት ገጾቻችን እናስተናግደዋለን። የእኛ ምክር ግን እስከዚያ ድረስ ይኸው ነው፤ «ኳስ አይለቅም» የተባለውን ልጅ ወደ ተጠባባቂ ወንበር ከመላካችሁ በፊት በተቃራኒው ክንፍ አሰልፋችሁ፣ በውጭ በኩል የሚሮጥ ጓደኛ ስጡትና ጥቂት ጨዋታ ቁጠሩ።